እግር ሲያቃጥል ስኳርን በምን እንለካ? የመለኪያና የአመጋገብ መንገዶች ንጽጽር

እናቴ ሌሊት ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ትገፋዋለች፤ ጨርቁ ራሱ ይለበልበኛል ትላለች። ቀን ላይ ደግሞ ያው እግር ይደነዝዝና ነጠላ ጫማዋ መውለቁን ሳታውቅ ጥቂት ትራመዳለች። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ተጨንቆ ጥሩ የስኳር መለኪያ ማሽን ላከላት። አብሮት የመጣው 50 ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቀጭን መለኪያ) ሲያልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርን፤ ለዚያ ማሽን የሚሆን ስትሪፕ ግን አላገኘንም። ማሽኑ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ ማነጻጸር የጀመርኩት። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት መጨመርና መቀነስ የሐኪም ሥራ ነው። በምን መለካት፣ መቼ መለካትና ከምግብ ጋር እንዴት ማያያዝ ግን በየቤታችን የምንወስነው ጉዳይ ነው። እንደ እናቴ ስኳር ነርቩን ጎድቶ እግሩን ለሚያቃጥለው፣ የነርቭ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ውሳኔ ከሌላው የስኳር ታማሚ ይለያል።

የነርቭ ሕመም ምን ይለውጣል?

ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ (እዚህ የደም ስኳር ቁጥሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ mg/dL፣ ናቸው) ሰውነት ያስጠነቅቃል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ። ስኳር የሚጎዳው የእግርና የእጅ ነርቭን ብቻ አይደለም። ልብን፣ ጨጓራንና የላብ ዕጢን የሚያዝዙት ነርቮችም ሲጎዱ ይህ ማስጠንቀቂያ ሊደበዝዝ ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጡ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችም መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይሸፍኑታል። እንዲህ ያለ ሰው «ሲወርድብኝ አውቀዋለሁ» ብሎ ሊተማመን አይችልም።

የጨጓራ ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ምሳ ከተበላ ከ2 ሰዓት በኋላ ማሽኑ 130 ያሳይና ማምሻውን ሳይታሰብ 250 ይሆናል። ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ መነፋት ወይም የቆየ ምግብ ማስመለስ ካለ ይህን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ በተለይ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው።

ብዙ ሰው የማይነገረው ሌላ ነገርም አለ። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ አዲስና ከባድ የነርቭ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። አደጋው የሚጨምረው የሦስት ወሩ የስኳር ውጤት (ኤዋንሲ የሚባለው፣ የወራቱን አማካይ በመቶኛ የሚያሳየው) በሦስት ወር ውስጥ ከ2 ነጥብ በላይ ሲወርድ ነው፤ ለምሳሌ ከ12 ወደ 8። «መድኃኒቱን በደንብ ስወስድ ባሰብኝ» ብለው ሕክምና የሚያቆሙ ሰዎች አንዳንዴ የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው። ሕመሙ ጊዜ ይወስዳል እንጂ በብዙዎች ላይ እየቀለለ ይሄዳል። መድኃኒቱን ማቆም መፍትሔ አይደለም፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ቀስ አድርጎ ማውረድ ይሻላል።

ስኳርን መቆጣጠር ነርቭን እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የወጣው በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ሰዎች ጥብቅ ቁጥጥር ሲያደርጉ የነርቭ ጉዳት 60 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በዓይነት 2 ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ ነው። የተጎዳው ነርቭ በቁጥጥር ብቻ እንደ ድሮው ይመለሳል ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ካለ አይመኑት።

መመዘኛዎቹ

የማሽኑን ስም ትተን አምስት ነገር እንጠይቅ።

- ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ምን አደርግበታለሁ? ምግብ እቀይራለሁ፣ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ወይስ ዝም ብዬ እጨነቃለሁ?
- ስኳር ሲወርድ በጊዜ ይነግረኛል?
- ለሚያመው ወይም ለደነዘዘው ጣቴ ይስማማል?
- ስትሪፑ ወይም ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር እኔ ባለሁበት ከተማ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል?
- በወር ስንት ያስወጣኛል? የመጀመሪያ ቀን ዋጋው ብዙ አይናገርም።

በእኔ ግምት ለአገር ቤት ሰው ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ነው።

የሽንት ምርመራ

ርካሽ ነው፣ አያምም። ነገር ግን ስኳር ወደ ሽንት የሚወጣው በደም ውስጥ ያለው መጠን በአብዛኛው ሰው ከ180 ገደማ ሲያልፍ ነው። 60 የሆነ ሰውም 160 የሆነ ሰውም ሽንቱ «ንጹሕ» ይላል። መውረድን አያሳይም፤ የነርቭ ጉዳት ላለበት ሰው ዋናው አደጋ ደግሞ እሱ ነው። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱ ራሱ ስኳርን በሽንት ስለሚያስወጣ ሁልጊዜ ስኳር ይታይባቸዋል። ሌላ ምንም ከሌለ ካልሆነ በቀር አይምረጡት።

በየወሩ ጤና ጣቢያ የሚለካው የጾም ስኳር

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ነው ይባላል። በሕክምና ላይ ላሉ ብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ80 እስከ 130 ነው።

ድክመቱ አንዲት ጠዋት ብቻ ማሳየቱ ነው። በቀጠሮው ዋዜማ እራት ቀንሶ «ዛሬ 118 ነው፣ ተመስገን» ብሎ የሚመለስ ሰው ከምሳ በኋላ በየቀኑ 260 ሊሆን ይችላል። ቀጠሮዎን አይተዉ፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም።

የሦስት ወሩ ምርመራ (ኤዋንሲ)

ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተጣበቀበትን ስኳር በመለካት ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ይነግረናል። 6 በመቶ ማለት አማካዩ 126 ገደማ ነው፤ 7 ማለት 154፣ 8 ማለት 183፣ 9 ማለት 212፣ 10 ማለት 240። ለብዙ አዋቂ ግቡ ከ7 በታች ነው። ለአዛውንትና ስኳር ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል።

ጾም አያስፈልገውም፣ የዋዜማ እራት አያታልለውም። ስኳሩ እየወረደ ያለበትን ፍጥነት የሚያሳየውም እሱ ነው። ነገር ግን አማካይ ነው። ቀን 280፣ ሌሊት 50 የሚሆን ሰው ጥሩ የሚመስል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። የብረት እጥረት ውጤቱን ከፍ፣ የደም ሕዋስ ቶሎ የሚፈርስበት ሕመም ወይም በቅርብ የተወሰደ ደም ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ያስታውስ።

እንግሊዝና ስዊድን ያሉ ወገኖች ውጤቱን በሌላ አሃድ ያገኙታል። እዚያ 48 የሚባለው የእኛ 6.5 ነው፣ 53 ደግሞ 7። የስልክ ላይ የቤተሰብ ክርክር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

ጣት ተወግቶ በቤት የሚለካው ማሽን

ለአብዛኛው አንባቢ ውሳኔው ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስትሪፑን ይምረጡ፣ ማሽኑ ይከተላል። ማሽን አንድ ጊዜ ይገዛል፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣል፤ ገንዘቡ የሚያልቀው በስትሪፕ ነው። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ሰፈርዎ ባሉ ሁለት ሦስት ፋርማሲዎች ይግቡና «ሳይቋረጥ የሚመጣላችሁ የየትኛው ማሽን ስትሪፕ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የጠርሙሱንም የማብቂያ ቀን ይዩ።

ስለ ትክክለኛነቱ፦ አይኤስኦ 15197፡2013 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ስኳሩ ከ100 በላይ ሲሆን ከመቶ ልኬት ቢያንስ 95ቱ በ15 በመቶ ልዩነት ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። እውነተኛው 140 ሲሆን ማሽኑ 119 ወይም 161 ቢያሳይ ደንቡን አልጣሰም ማለት ነው። ከዛሬ 142 ወደ ነገ 150 መሄድ ምንም ማለት ስላልሆነ በእሱ እንቅልፍ አይጡ።

ከማሽኑ ስሕተት ይልቅ የእጃችን ስሕተት ይበልጣል። እኛ በእጅ እንበላለን። ብርቱካን ልጦ ወይም ማር የነካ ዳቦ በልቶ ሳይታጠብ የሚለካ ሰው የጣቱን ስኳር ይለካል። በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። ስትሪፕ እርጥበትና ሙቀት ያበላሸዋል፤ ጠርሙሱን ወዲያው መክደን፣ ከምድጃ አጠገብና ከፀሐይ ማራቅ ያስፈልጋል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ መመሪያው እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ የሚናገረውን ይመልከት።

ጣት ለሚያመው ሰው፦ የጣቱን ጫፍ መሐል ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፤ ጎኑ ላይ የነርቭ ጫፍ ያነሰ ነው። አውራና አመልካች ጣትን ያሳርፉ፣ በየቀኑ ጣት ይቀያይሩ። መውጊያውን በዝቅተኛ ጥልቀት ይጀምሩ። እጅን ወደ ታች አንጠልጥሎ ማወዛወዝ ደሙን ያመጣዋል፤ አጥብቆ መጭመቅ ግን ውጤቱን ያዛባል። መርፌውን ከማንም ጋር አይጋሩ፣ ከቤተሰብም ቢሆን። ከክንድ መለካት የሚፈቅዱ ማሽኖች አሉ፤ ስኳር ወርዷል ብለው ሲጠረጥሩ ግን ክንድ ወደኋላ ስለሚቀር ጣት ይጠቀሙ።

አሁን ስለ ቁጠባ። ብዙ ሰው በየቀኑ ጠዋት አንድ ስትሪፕ ያጠፋል፤ ሁልጊዜ ያንኑ ሰዓት ስለሚያይ የሚማረው ትንሽ ነው። ጥንድ መለካት ይሻላል፦ አንዱ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት፣ ሁለተኛው ከዚያ ጉርሻ 2 ሰዓት በኋላ። በሳምንት ሦስት ጥንድ፣ አንዱን ለቁርስ፣ አንዱን ለምሳ፣ አንዱን ለእራት። በሳምንት 6 ስትሪፕ ነው፣ 50 ስትሪፕ ስምንት ሳምንት ያደርሳል። በየቀኑ ሁለት ቢሆን በ25 ቀን ያልቅ ነበር። ከምግብ በኋላ ያለው ግብ ከ180 በታች ነው። ይህ ቁጠባ ግን ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው አይደለም፤ እሱ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ሁሉ መለካት አለበት።

ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር

ሊብሬና ዴክስኮም የሚባሉት ናቸው። ቀጭን ክር ከቆዳ ሥር ገብቶ በየጥቂት ደቂቃው ይለካል፣ ወደ ስልክ ወይም ወደ ማንበቢያ ይልካል። አንዱ እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 15 ቀን ያገለግላል፤ 14 ቀን ከሆነ በዓመት 26 ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ ሌሊት ስኳር ሲወርድ የሚጮህ ማንቂያ አላቸው። መውረዱ ለማይሰማው ሰው ይህን የሚተካ የለም፤ አቅም ካለ ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢወጣ ያስቆጫል ብዬ አላምንም። ጣትም ያርፋል። ጨጓራው የዘገየበት ሰው ከምሳ በኋላ የዘገየውን ጭማሪ በዓይኑ ያየዋል።

የሚለካው ግን ደምን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው፤ ስኳሩ በፍጥነት ሲለወጥ ከደም ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይዘገያል። ስሜትዎና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣት ይውጉ። ስለዚህ ሴንሰር ያለውም ሰው ተራ ማሽን ያስፈልገዋል። ሊብሬ ላይ ብዙ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ሜዲኬር (በዋናነት ለአዛውንቶች የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ማንኛውንም ዓይነት ኢንሱሊን ለሚወስድ ወይም አስጊ የስኳር መውረድ ለገጠመው ሰው ሴንሰሩን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ሴንሰሮችም ተፈቅደዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ስቴሎ ግን ኢንሱሊን ለማይወስዱ የተሠራ ነው፣ የመውረድ ማንቂያም የለውም። ለእናት ለመላክ ያሰበ ሰው ይህን ልዩነት ሳያይ እንዳይገዛ።

| መንገድ | የሚመልሰው ጥያቄ | መውረድን ያሳያል? | ለጣት | ዘላቂ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ሽንት | ከ180 በላይ አልፎ ነበር? | አያሳይም | አያምም | በጣም ዝቅተኛ |
| የጾም ስኳር በጤና ጣቢያ | ዛሬ ጠዋት ስንት ነው? | እምብዛም | በወር አንዴ | ዝቅተኛ |
| የሦስት ወሩ | በአማካይ እንዴት ነበርኩ? በምን ፍጥነት ወረደ? | አያሳይም | በ3 ወር አንዴ | መካከለኛ |
| የጣት ማሽን | ይህ ምግብ ምን አደረገኝ? አሁን ወርዷል? | ከለኩ ብቻ | ያምማል፣ ይቀንሳል | እንደ ስትሪፑ ብዛት |
| ሴንሰር | ቀንና ሌሊት ወዴት እየሄደ ነው? | አዎ፣ ማንቂያ ካለው | ያሳርፋል | ከፍተኛ |

ከምግቡ በኩል፦ የትኛው መንገድ?

መለኪያ ያለ ምግብ ለውጥ ቁጥር መሰብሰብ ነው። እኛ ቤት ሲነሱ የምሰማቸው አራት መንገዶች አሉ።

«ጤፍ ትቻለሁ» የሚለው በጣም የተለመደ ነው። በስንዴ፣ በገብስ ወይም በበቆሎ የተካ ሰው ስታርችን በስታርች ነው የተካው። ጤፍ የራሱ ፋይበርና ማዕድን አለው፤ ጥፋቱ ያለው በብዛቱ ነው፣ አንዳንዴም ሩዝ በተቀላቀለበት እንጀራ። ይህን መንገድ አልመክርም።

ስታርችን በግራም መቁጠር ከምግብ በፊት ፈጣን ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ትክክለኛው ነው። ለሌላው ግን አድካሚ ነው፤ የእያንዳንዱ ቤት ምጣድና የእንጀራው ውፍረት ይለያያልና።

እንጀራና ዳቦን ጨርሶ መተው ስኳርን በፍጥነት ያወርዳል። ለዚህም ነው የነርቭ ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን ሊጀምረው የማይገባው፤ በአንድ በኩል ከላይ ያልኩት የፈጣን መውረድ ሕመም አለ፣ በሌላ በኩል ግሊቤንክላሚድ የተባለው የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን መጠኑ ሳይስተካከል ስኳሩን ወደ አደጋ ያወርደዋል።

የሚቀረው ትሪን በአራት መክፈል ነው፦ ግማሹ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ዕንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ፤ ሩቡ እንጀራ። ሚዛን አይፈልግም። ችግሩ መሶቡ ነው። ከጋራ ትሪ የሚበላ ሰው ስንት እንደበላ አያውቅም፣ ጉርሻም ይጨመራል። የእኛ ቤት መፍትሔ ለእናቴ የድርሻዋን እንጀራ ቀድሞ ፊቷ ማስቀመጥ ሆነ፤ ወጡን ከሁላችን ጋር ትበላለች፣ እንጀራዋ ሲያልቅ አለቀ። አትክልቱንና ምስሩን አስቀድሞ መብላት፣ እንጀራውን ማስከተልም ከምግብ በኋላ ያለውን ጭማሪ ይቀንሳል። ይህን በጥንድ ልኬት አይታችሁ ራሳችሁ አረጋግጡት።

ማርና ማልትም ስኳር ናቸው። መጠጥ ለብቻው ይታይ፦ አልኮል ነርቭን በቀጥታ ይጎዳል፣ ባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌሊት ስኳር ያወርዳል። ለሕመሙ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፕሪጋባሊን የጀመረ ሰው የምግብ ፍላጎቱና ክብደቱ ሊጨምር ስለሚችል ቁጥሩ ያለ ምክንያት የጨመረ እንዳይመስለው።

ስለ ጾምም ልናገር። የኦርቶዶክስ አጽዋማት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ናቸው። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ ይቀንሰዋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚመጣው መደንዘዝና ማቃጠል የስኳሩን ይመስላል። ስለዚህ ሜትፎርሚን የሚወስድ ጾመኛ ቢ12 እንዲለካለት ይጠይቅ። የቲቢ መድኃኒቱ አይሶኒያዚድም ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል መታወስ አለበት። ሳይለኩ በየፋርማሲው የቢ ቫይታሚን ክኒን መደራረብ ግን ይቅር፤ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ፣ ወይም በረመዳን የሚጾም ሰው ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ላይ ከሆነ ከጾሙ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ያነጋግር። በረመዳን ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ግን ጾሙ ይቁም። ሲወርድ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ በውኃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት።

ለማን የትኛው?

*በወር ከ10 በላይ ስትሪፕ መግዛት የማይችልና ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ፦* የሦስት ወሩን ምርመራ በዓመት ሁለት ጊዜ ያሠራ፤ 10ሯን ስትሪፕ በአምስት ጥንድ ከፍሎ በጣም በሚጠረጥረው ምግብ ላይ ይጠቀምባት።

*ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ፣ መውረዱ የማይሰማው፣ በተለይም ብቻውን የሚያድር፦* ማንቂያ ያለው ሴንሰር ቢገኝ እሱ። ካልተገኘ የጣት ማሽን፤ ከመተኛት በፊት መለካት ግዴታ ነው፣ አልፎ አልፎም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ። መድኃኒቱ መውረድ በማያመጣ ሌላ ይቀየር እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅም ከማሽን ይበልጥ ሊረዳ ይችላል።

*ዓይኑም የደከመ፣ ጣቱም የደነዘዘ፦* ትልቅ ቁጥር ያለው ወይም የሚናገር ማሽን፣ ስትሪፑም ሰፋ ያለ። ጠባብ ስትሪፕ በደነዘዘ ጣት አይያዝም፤ ፋርማሲው ውስጥ አስይዘው ይሞክሩት።

*ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ሕክምና ገና የጀመረ፦* ሐኪሙን «በምን ፍጥነት እናውርደው?» ብሎ ይጠይቅ። ሕመሙ ቢብስ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ቶሎ ይመለስ።

ማንኛውም መለኪያ እግርን ማየት አይተካም። በየማታው የእግር ጣት መሐልና ተረከዙ ይታይ፤ የመታጠቢያ ውኃ ሙቀት በክርን ይሞከር። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ሲወልቅ ወፍራም ካልሲ ይኑር፤ ቀትር ላይ የጋለ ድንጋይ ለደነዘዘ እግር አይሰማውም። ቁስል፣ ጥቁረት ወይም የአንድ እግር ማበጥና መጋል ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

*ከውጭ ሆኖ ለወላጁ የሚልክ፦* ከመግዛት በፊት ሰው ልኮ ወላጆችዎ ሰፈር ባለው ፋርማሲ የትኛው ስትሪፕ እንዳለ ያስጠይቁ። የሌለ ዓይነት ከሆነ የሚልኩትን ስትሪፕ ከማብቂያ ቀኑ ጋር ያስሉ፤ በሳምንት 6 ከሆነ ለስድስት ወር 156 ያስፈልጋል። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የሚገዙ ከሆነ ማሽኑ በሌላ አሃድ ያነባል፦ እሱ 7 ሲል የእኛ 126 ነው፣ በ18 ይባዛል። እናትዎ ማሽኑ ላይ 4 አይታ ደንግጣ ስኳር እንዳትበጠብጥ፣ ማባዣውን ወረቀት ላይ ጽፈው ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፉላት።